ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ስናገኛቸው

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አላችሁ? ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ ኳስ ተጫዋች ሲነሳ ሁሉም ሰው የራሱ ወሬ ስላለው፣ ካልፈጠንኩ መድረኩን ትቀሙኛላችሁ።

የማወራው ጨዋታ ካቆሙ ተጫዋቾች ጋር በአጋጣሚ ስለመገናኘት ነው። በቀጠሮ አይደለም። ማሊያ ላይ እንዲፈርሙ ተጋብዘው የሚመጡበትን ቀን እርሱት። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ ሆስፒታል ተራ ስትጠብቁ፣ ሊፍት ውስጥ ገብታችሁ፣ ወይ ልጃችሁን ልታመጡ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርሱ፣ ድንገት ዞር ስትሉ የምታውቁት ፊት ያጋጥማችኋል። እሱን ነው የምለው። በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ የኳስ መዝገቡ በዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ ሰውየውን መለየት አለ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ተጫዋችን የምናውቀው በማሊያው፣ በቁጥሩ፣ ሜዳ ላይ በሚቆምበት ቦታ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ግራ መስመር ላይ ሲመላለስ ያየነው ልጅ ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ሲመጣ አእምሯችን «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» ይልና እዚያው ቀጥ ይላል። ከየት እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ሞቅ አድርጎ ሰላም ማለት ነው፣ የድሮ ጎረቤት ወይም የአጎቱ ጓደኛ መስሎት። «ምነው ጠፋህ!» ይለዋል። ሰውየውም ለምዶታል፣ «አለሁ፣ እናንተስ?» ብሎ ያልፋል። ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ነው ብልጭ የሚልለት። ያኔ ተመልሶ መሮጥም ያሳፍራል።

እኔ ከፊት ይልቅ አካሄድ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ፊት ይሰፋል፣ ይሸበሸባል። አካሄድ ግን ብዙም አይለወጥም። ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ከወንበር ሲነሳ ትንሽ ቆም ብሎ ጉልበቱን የሚያሟሽ፣ ትከሻው ግን አሁንም ቀጥ ያለ ጎልማሳ ካያችሁ ጠርጥሩ። ደግሞ ቴሌቪዥን ቁመት ላይ ይዋሻል። ግዙፍ የመሰለን ተከላካይ ትከሻችን ጋ ይቀራል፣ ቀጫጫ ነው ያልነው አማካይ በር የሚሞላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

እሺ፣ ለየነው እንበል። አሁን ነው ነገሩ የሚመጣው።

ይህ ሰላምታ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው። እናንተ ሰውየውን ለሃያ ዓመት ታውቁታላችሁ። የትኛው እግሩ ደካማ እንደሆነ፣ ከየትኛው አሰልጣኝ ጋር እንደተጣላ፣ ሲናደድ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እሱ እናንተን ያየው አሁን ነው። እናንተ ከድሮ ወዳጅ ጋር ነው የምታወሩት፣ እሱ ከማያውቀው መንገደኛ ጋር። ይህንን ያልተረዳ ሰው ነው «አታስታውሰኝም?» የሚል። አንድ ጊዜ ከስታዲየም ሲወጣ እጁን ጨብጦት ነበር አሉ። ወንድሜ፣ በዚያ ቀን እኮ ስንት ሺህ እጅ ተዘርግቶለታል!

ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙ፣ ሰዎች ለተጫዋቹ የሚያወሩት ስለ ተጫዋቹ አይደለም። «ያቺን ጎል ስታገባ ከአባቴ ጋር ነበርኩ» ነው የሚሉት። «በዚያ ዓመት ነው ሥራ የያዝኩት።» «ያን ቀን ከእጮኛዬ ጋር ተጣልቼ ነበር፣ በጨዋታው መሃል ደወለች።» ተጫዋቹ አባትየውን አያውቅም፣ እጮኛይቱንም አያውቅም። ግን በዚያ ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ነበር። አባትየው ከሞቱ ደግሞ፣ ያን ቀን የሚያስታውሱት ሁለት ሰዎች ቀርተዋል ማለት ነው፣ ልጁና ይህ መንገድ ላይ የተገኘ ሰውዬ። ሰው እንባ የሚቀድመው ለዚህ ይመስለኛል። ከዝና ጋር ብዙም አይገናኝም። ታዋቂ ዘፋኝ ወይም ባለሥልጣን አይተን እንዲህ አንሆንም።

የራሳችንን ዕድሜ ነው በሰውየው ላይ የምናየው፣ እሱ ሳያውቅ ይዞልን እንደቆየ። የዚህ ንግግር ዋና ነገር ይኸው ነው፣ የቀረው ማስረጃ ነው። ችግሩ ግን ሰውየው የያዘልን ነገር ሁልጊዜ ደስታ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ሐዘናችንን ነው የተሸከመው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ።

በ1950 የዓለም ዋንጫ ብራዚል ላይ ተዘጋጀ። የመጨረሻው ጨዋታ ጁላይ 16 ቀን በማራካና ስታዲየም ከኡራጓይ ጋር ነበር። ብራዚል አቻ ብትወጣም ዋንጫው የሷ ነበር። በይፋ የተመዘገበው ተመልካች 173,850 ነው፣ ሳይመዘገብ የገባው ሲጨመር ወደ 200,000 ይጠጋል ይባላል። ብራዚል ከእረፍት መልስ አገባች። ኡራጓይ አቻ አደረገች። በ79ኛው ደቂቃ የኡራጓዩ ክንፍ አልሲደስ ጊጂያ በቀኝ በኩል ሰብሮ ገባ። የመጀመሪያዋን ጎል ከዚያው መስመር አሻግሮ ነበር ያመቻቸው፣ ስለዚህ በረኛው ሞአሲር ባርቦሳ አሁንም ያሻግራል ብሎ ወደ መሃል ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጊጂያ አላሻገረም። በበረኛውና በአጠገቡ ባለው የጎል ቋሚ መሃል ባለችው ክፍተት መታት። 2 ለ 1። ስታዲየሙ ጸጥ አለ።

እንግዲህ ባርቦሳ ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ኖሯል። መንገድ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ከብራዚላውያን ጋር ሲገናኝ ኖሯል። ጨዋታው ካለፈ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነው፣ አንዲት ሴት ሱቅ ውስጥ አየችውና ለልጇ በጣቷ አሳየችው። «እየው፣ ብራዚልን በሙሉ ያስለቀሰው ሰውዬ እሱ ነው» አለችው። ይህን የነገረን ራሱ ባርቦሳ ነው፣ በሕይወቱ ካዘነባቸው ቀናት ሁሉ የከፋው ብሎ ሲያነሳው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ልጁ ነው። ጨዋታው ሲደረግ አልተወለደም። እናቱ ዕቃ ልትገዛ ይዛው ወጥታ፣ ያላየውን ሽንፈት በአንድ ሰው ፊት ላይ ለጥፋ አስረከበችው።

በ1993 ደግሞ ባርቦሳ የብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ሊጎበኝ ሄዶ እንዳይገባ ተከለከለ። ገዱ መጥፎ ነው ተብሎ። በ2000 ከመሞቱ በፊት የተናገረው ነገር አለ፤ በብራዚል ትልቁ ቅጣት 30 ዓመት ነው፣ እኔ ግን 50 ዓመት ሙሉ ላልሠራሁት ወንጀል እየከፈልኩ ነው የሚል ነበር።

አሁን ወደ ጊጂያ እንለፍ፣ ወዳገባው። ካረጀ በኋላ ወደ ብራዚል በሄደ ጊዜ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት የምታየው ወጣት ልጅ ስሙን አነበበችና ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ያ ጊጂያ ነዎት?» አለችው። እሱ ገረመው። «አዎ፣ ግን እኮ ብዙ ዘመን አለፈው» አላት። እሷም ብራዚል ውስጥ ነገሩ ዛሬም በየቀኑ ልባችን ላይ አለ ብላ መለሰች። ጊጂያ ይህን ሲያወራ ደስ እያለው ነበር የሚያወራው፣ ይፈረድበታል? ሰውየው የሞተው በ2015 ነው፣ ጁላይ 16 ቀን። ጎሏን ካገባ ልክ በ65ኛ ዓመቷ። ይህን ልብ ወለድ ውስጥ ብታስገቡት አንባቢ «ኧረ ተው» ይላችኋል።

ሦስተኛው ሰው የኡራጓዩ አምበል ኦብዱሊዮ ቫሬላ ነው። እሱ ገና ጨዋታ አላቆመም ነበር፣ ግን ታሪኩ ለወሬያችን ስለሚሆን ልጨምረው። በዚያው ምሽት ጓደኞቹ ሲጨፍሩ እሱ ከሆቴል ወጥቶ ሪዮ ውስጥ መጠጥ ቤት ገባ። ዙሪያውን ሰው ያለቅሳል። ያሸነፋቸው ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል። ኋላ ላይ አወቁት። ሊደበድቡኝ ነው ብሎ ሲጠብቅ አብረኸን ጠጣ አሉት፣ አብሯቸው አነጋ። ሜዳ ላይ በጣም ቁጡ የነበረ ሰው ነው፣ ያን ሌሊት ግን ያለቀሱትን ሲያጽናና አደረ። ሴትየዋ ከሃያ ዓመት በኋላ ለባርቦሳ የነፈገችውን እነዚያ ሰካራሞች በዚያው ምሽት ለጠላታቸው ሰጡት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው ይለያያል።

በነገራችን ላይ በራሱ ላይ ጎል ያገባ ተጫዋች ሲለከፍ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ። አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «አንተ አይደለህም እንዴ በራስህ ላይ ያገባኸው?» አሉት፣ ጮክ ብለው። ሁላችንም አቀረቀርን። ሰውየው ግን ምንም አልመሰለውም። «ነኝ አባቴ፣ ጥሩ ቴስታ ነበረች፣ በረኛው እንኳ አልደረሰባትም» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ፣ ከዚያ ጠጋ በልልኝ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ሁሉም ተጫዋች እንዲህ መመለስ አይችልም፣ አይጠበቅበትምም።

ሌላው የምናበላሸው ነገር ከንፈር መምጠጥ ነው።

ፎቶዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ የድሮ ኮከብ ታክሲ ሲነዳ፣ ወይ ዕቃ ሲያወርድ፣ ወይ ደብዳቤ ሲያድል ይነሳና ይለጠፋል። ከሥሩ «አይ ጊዜ!»፣ «ይህች ዓለም»፣ «እንዲህ ይቅር?» የሚል ይዥጎደጎዳል። እኔን ይህ ያናድደኛል። ሰውየው እየሠራ ነው እኮ! ሠርቶ ነው የሚበላው። ምን አድርግ ነው የምትሉት፣ እስኪሞት ድረስ ቴስታ ይግጭ?

ስለ ሰሜን አየርላንዱ ኮከብ ስለ ጆርጅ ቤስት የሚወራውን ሳትሰሙ አትቀሩም፣ ራሱ ነበር በየመድረኩ የሚያወራው። ቤስት ገና 27 ዓመቱ ላይ ነው ከማንችስተር ዩናይትድ የወጣው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሆቴል ውስጥ ነው፣ ቁማር በልቶ ብሩን አልጋው ላይ በትኖታል፣ የዓለም ቆንጆ ተብላ የተመረጠች ልጅ አብራው አለች። አስተናጋጁ ሻምፓኝ ይዞ ገባ፣ አየው፣ አዘነለት። «ሚስተር ቤስት፣ ነገሩ የተበላሸው የቱ ጋ ነው?» አለው። ሰው ይህን ሰምቶ ሁሌም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ቤስት በመጠጥ ጉዳት በ59 ዓመቱ ነው የሞተው፣ በ2005። አስተናጋጁ ያየውን አይቷል። ያሳዝን የነበረው ነገር ግን ኳስ መተዉ አልነበረም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ለምንድነው የድሮዎቹን ደብዳቤ አዳይ፣ ሻጭ፣ መካኒክ ሆነው የምናገኛቸው? መልሱ ከመጠጥና ከስንፍና በፊት ደሞዝ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1961 ድረስ የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ ነበረው፣ በሳምንት 20 ፓውንድ። ኮከብ ሁን አትሁን፣ 20 ፓውንድ። ጣሪያው ሲነሳ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፈለውና አገር ጉድ አለ። ታዲያ በዚያ ደሞዝ ተጫውቶ 35 ዓመቱ ላይ ያቆመ ሰው ቀሪውን ሠላሳ ዓመት በምን ይኑር? ሌላው ሰው ሥራውን ገና በቅጡ በሚለምድበት ዕድሜ እሱ አዲስ ሥራ ፍለጋ ይወጣል።

በ1966 የዓለም ዋንጫ ያነሱትን እንግሊዞች ተመልከቱ። የግራ ተመላላሹ ሬይ ዊልሰን ቀባሪ ሆነ። አዎ፣ አስከሬን አስተካክሎ በሣጥን አድርጎ የሚሸኝ። እስቲ አስቡት፣ አባታችሁ ሞተው ሐዘን ላይ ናችሁ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ ቤታችሁ የሚመጣው ሰው ዌምብሌይ ላይ ዋንጫ ያነሳ ነው፣ አባታችሁ ደግሞ የሱ ደጋፊ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በፍጻሜው ሦስት ጎል ያገባው ጄፍ ኸርስት ኢንሹራንስ ሸጧል። ማርቲን ፒተርስም በዚያው ሙያ ሠርቷል። ሮጀር ሀንት ከቤተሰቡ የጭነት መኪና ድርጅት ጋር ተቀላቀለ። በዚያ ቀን ከተሰለፉት 11 ተጫዋቾች፣ ቦቢ ቻርልተን በ2023 ከሞተ በኋላ፣ በሕይወት የቀረው ኸርስት ብቻ ነው።

ደብዳቤ አዳዩን ልንገራችሁ፣ የምወደው እሱን ነው። ኒል ዌብ። በ1990 የእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ የድጋሚ ጨዋታ ላይ ለቡድን ጓደኛው ሊ ማርቲን ያችን ረጅም ኳስ የጣለለት እሱ ነው፣ ማርቲን አገባት፣ አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን በማንችስተር ዩናይትድ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን አነሱ። ያ ዋንጫ ባይመጣ ፈርጉሰን ይባረሩ ነበር አይባረሩም እያለ ሰው እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃል። ዌብ ጨዋታ ካቆመ በኋላ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ደብዳቤ ሲያድል ነበር። ከዩናይትድ ታሪክ ትልልቅ ኳሶች አንዷን ያቀበለ ሰው በራችሁ ሥር የመብራት ሂሳብ ሲጥልላችሁ፣ እናንተ ውሻ አስሩ ስትሉ።

ሌሎቹም አሉ። በ1995 ከብላክበርን ጋር የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮን የሆነው ስቱዋርት ሪፕሊ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። ለእንግሊዞቹ ክለቦች ለዊጋንና ለፖርትስማውዝ የተከላከለው አርያን ደ ዚው ወደ ሆላንድ ተመልሶ ፖሊስ ውስጥ የፎረንሲክ መርማሪ ሆነ፣ ማለትም ከዚህ ሰው ጋር በአጋጣሚ አለመገናኘት ነው የሚሻለው። በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አምበል የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎም አለ። በፍጻሜው ግብጽን 4 ለ 2 ስንረታ ከአራቱ አንዷን እሱ አገባ፣ አንዷን ወንድሙ ኢታሎ። በኋላ ተሰዶ ጣሊያን ገባና ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፈተ። ፍሬኑ ተበላሽቶበት የመጣው ጣሊያናዊ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከተቀበለ አምበል ጋር እየተከራከረ መሆኑን ከየት ይወቅ?

ለእነዚህ ሰዎች ከንፈር አይመጠጥም። ሁለተኛ ሙያ መያዝ እንደ ውድቀት የሚታየን ሰዎቹን 28 ዓመታቸው ላይ አቁመን ስለምንጠብቃቸው ነው። እኛ አስተማሪ የነበርን ነጋዴ ስንሆን፣ ፀጉራችን ሲሸሽ፣ ወገባችን ሲሰፋ ማንም ፎቶ አንስቶ «አይ ጊዜ» አይለንም።

ማዘን ካስፈለገ ቦታ አለው። አካላቸው ላይ።

አርጀንቲናዊውን አጥቂ ጋብርኤል ባቲስቱታን የማያውቅ የለም። በ2005 ነው ያቆመው። በ2014 ለአርጀንቲና ቴሌቪዥን የተናገረውን ሰምታችኋል? ኳስ ባቆመ ማግስት መራመድ አቃተው። ሽንት ቤቱ ጥቂት ሜትር ላይ ሆኖ፣ ቁርጭምጭሚቱ እንዳያመው ብሎ አልጋው ላይ መሽናቱን ተናግሯል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እግሬን ቁረጠው ብሎ ለመነ። ሐኪሙ አበድክ እንዴ ብሎ መለሰው። ያ እግር የኛ የእሁድ ደስታ ነበር፣ መርፌ እየተወጋ የሚጫወትበት ቀን ነበረ። ስለዚህ ሰውየው ተቀምጦ ሰላም ቢላችሁና ብድግ ባይል ኩሩ ነው አትበሉ። መነሣት ሊያመው ይችላል።

ከእግሩ የሚብሰው ጭንቅላቱ ነው። ጄፍ አስትል የእንግሊዙ ክለብ የዌስትብሮም አጥቂ ነበር፣ በ1968 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜን አንዷን ጎል ያገባ፣ በቴስታ የታወቀ። ካቆመ በኋላ የጽዳት ሥራ ጀመረ፣ መስኮት ሁሉ ያጸዳል። መኪናው ላይ «ጄፍ አስትል ማዕዘን አይስትም» ብሎ ጽፎ ነበር ይባላል። ቀልደኛ ሰው ነበር። በ2002 በ59 ዓመቱ ሞተ፣ አእምሮው ተጎድቶ። የሞቱን ምክንያት የመረመሩት የሕግ ባለሙያ ከሥራው የመጣ በሽታ ነው ብለው ወሰኑ፣ ኳስ በጭንቅላት መምታት ማለት ነው። በ2019 የግላስጎው ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን መዝገብ ከሌላው ሕዝብ ጋር አስተያዩ። ተጫዋቾቹ እንደ መርሳት ባለ የአእምሮ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በተከታዩ ጥናት ደግሞ በረኞች ከሌላው ሰው ብዙም አልተለዩም፣ በጣም የተጎዱት ተከላካዮች ናቸው። ቴስታ የሚበዛው እነሱ ላይ ነዋ። ከላይ የጠራኋቸው ዊልሰንና ፒተርስም ሁለቱም የመርሳት በሽታ ይዟቸው ነው የሞቱት።

ለዚህ ነው «አታስታውሰኝም?» አትበሉ የምለው። «ያችን ጎል ታስታውሳታለህ?» ራሱ ከባድ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ፈገግ ብሎ አዎ ይላችኋል፣ አጠገቡ ያለችው ሚስቱ ፊቷን ታዞራለች። መጠየቅ አያስፈልግም። እናንተ ንገሩት። «እንዲህ ነበር ያገባሃት፣ ከቀኝ ተቀብለህ፣ አንዱን በአብዶ አልፈህ» ብላችሁ አውሩለት። ቢያስታውስም ባያስታውስም ይሰማል። የሚያስታውስ ከሆነ ደግሞ ያርማችኋል፣ «ኧረ ሁለት ነበሩ ያለፍኳቸው» ይላል፣ ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

የተቀረው ተራ ጨዋነት ነው። ምግብ ላይ ከሆነ ይጨርስ። ከቤተሰቡ ጋር ከሆነ ልጆቹንም ሰላም በሉ፣ እነሱ ግድግዳ አይደሉም። ስልካችሁን ከኪሳችሁ ቀድማችሁ አታውጡ፣ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ስልክ። «ተሳስተሃል፣ እኔ አይደለሁም» ካላችሁ፣ እሱ መሆኑን በእግዜር ብትምሉም እንኳ፣ «ይቅርታ» ብላችሁ ሂዱ። ያን ቀን እሱ መሆን አላሰኘውም። ስለ ዛሬዎቹ ተጫዋቾች ደሞዝ አትጠይቁት፣ ሁሉም ይጠይቁታል። ስለ ጎሉ ከምትጠይቁት ስለ ጓደኞቹ ብትጠይቁት ይሻላል። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ማን አስቂኝ እንደነበር፣ ከማን ጋር ክፍል ይጋራ እንደነበር። ካቆሙ በኋላ ምን ናፈቀህ ሲባሉ ብዙዎቹ ከጨዋታው ቀድመው የሚጠሩት ያንን ክፍል ነው። የተጫዋቾች ማኅበሩ ፊፍፕሮ በ2015 ባወጣው ጥናት ከጠየቃቸው የቀድሞ ተጫዋቾች 35 በመቶው የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት ነበረባቸው። ከሃያ ሰው ጋር እየተሳሳቀ ሲውል የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ጠዋት ማንም አይጠብቀውም።

ቅድም እዚህ ፊት ለፊት ያለው ወንድሜ እጁን አውጥቶ «ግን እኛ ነን እኮ ያነገሥናቸው፣ ትንሽ ጊዜያቸውን ብንወስድ ምናለበት?» ብሎ ነበር። ምንም የለበትም፣ ውሰድ። አብዛኞቹ ይደሰታሉ። ማንም ሳያውቃቸው የሚውሉበት ቀን እየበዛ ስለሚሄድ፣ ስማቸውን የጠራ ሰው ቀናቸውን ሊያሳምርላቸው ይችላል። እኔ የምለው ቲኬት ገዝቼ ነበር ብለህ ሂሳብ ይዘህ አትሂድ ነው። ለ90 ደቂቃ ከፈልክ፣ 90 ደቂቃህን አየህ።

አጠገብህ ያለችው እህታችን ደግሞ የትኛው ዓይነት ግንኙነት ነው የሚሻለው ብላ ጠይቃለች። ሜዳ ላይ መገናኘት ነዋ! ጁሊዮ አርካን ታውቁት ይሆናል፣ አርጀንቲናዊ ነው፣ በ2001 የዓለም ወጣቶች ዋንጫን በአምበልነት ያነሳ። እንግሊዝ ውስጥ ለሰንደርላንድና ለሚድልስብራ ተጫወተና በእግር ጉዳት ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ ሰው ምን አየ? እሁድ እሁድ የሰፈር ሊግ ውስጥ፣ የአንድ መጠጥ ቤት ቡድን ማሊያ ለብሶ። ቅዳሜ ማታ አምሽተው ዓይናቸው ያበጠ ቧንቧ ሠሪዎችና ሹፌሮች ጠዋት ጭቃ ሜዳ ላይ ቀና ሲሉ ከፊታቸው አርካ ቆሟል። ከዚያም ሳውዝ ሺልድስ ለሚባል ታችኛው ሊግ ላይ ላለ ቡድን ፈረመ፣ በ2017 ዌምብሌይ ላይ ታችኛዎቹ ሊጎች ያሉ ቡድኖች የሚወዳደሩበትን የኤፍኤ ቬዝ ዋንጫን በአምበልነት አነሳ። የዚያ የእሁድ ቡድን ተጋጣሚዎች ፎቶ አንሱን ማለታቸውን አላውቅም። ኳስ በእግሮቻቸው መሃል ሳትሾልክባቸው ግን አትቀርም።